ዐቃቤ ሰዓት፦ ስለ ቡናና ስለ ስኳር ሕመም መድኃኒት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚወስደውን ጎዳና በመከተል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የተጓዘ መንገደኛ፣ ሐይቅ ከተማ እንደ ደረሰ፣ በስተ ምሥራቅ በኩል ተራሮች ከበው የያዙትን ያን ጸጥ ያለ ውኃ ያያል፤ ወደ ውኃውም ገባ ባለችው ልሳነ ምድር ላይ፣ በዛፎች ጥላ ሥር፣ ከአገራችን ጥንታውያን ገዳማት አንዱ የሆነው ሐይቅ እስጢፋኖስ ይገኛል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1248፣ በዚህ ስፍራ የትምህርትን ወንበር ከዘረጉ በኋላ፣ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ከተማሩት መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንዱ እንደ ነበሩ ይነገራል፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያስጻፉት አራቱ ወንጌልም ከ700 ዓመታት በላይ ተሻግሮ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የዚህ ገዳም አበ ምኔት የሚጠራበት ማዕርግ «ዐቃቤ ሰዓት» ነበር፤ ፍችውም «የሰዓት ጠባቂ» ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን በነገሥታቱ አደባባይ ቃላቸው ይሰማ ከነበሩት ታላላቅ ካህናት አንዱ ይኸው ዐቃቤ ሰዓት እንደ ነበረ ታሪክ ያወሳል።

ይህን የከበረ ስም በአንድ የሕክምና ምዕራፍ ራስ ላይ ያኖርሁት ለጌጥ ብዬ አይደለም። በዚሁ በሐይቁ ዳርና በአምባሰል ተራሮች ግርጌ፣ የስኳር ሕመም ያገኛቸው ወገኖቻችን በየማለዳው በአንድ እጃቸው ኪኒን፣ በሌላው እጃቸው ስኒ ይይዛሉ፤ ስለ ኪኒኑ ሐኪሙ በቃልም በጽሑፍም ነግሯቸዋል፤ ስለ ስኒው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጠየቃቸው የለም፣ እነርሱም ይነገራል ብለው አላሰቡትም፤ ቡና መጠጣትን ማን እንደ ቁም ነገር ለሐኪም ይናገራል? እኔ ግን ነገሩን መርምሬ ያገኘሁት፣ ቡናና የስኳር መድኃኒት በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ተስማምተው የሚኖሩትም፣ የሚጣሉትም በሰዓትና በመጠን ምክንያት እንደ ሆነ ነው፤ ስለዚህ ታማሚው ለገዛ ሰውነቱ ዐቃቤ ሰዓት ሆኖ ይሾም ዘንድ ይህን ምዕራፍ ጻፍሁለት።

በወሎ ምድር ቡና የጉርብትና ማሰሪያ፣ የዱዓ መክፈቻ፣ የዕርቅ ምስክር ነው። አንድ ዘመን በክርስቲያኑ ዘንድ «የሙስሊሞች መጠጥ ነው» እየተባለ ካህናቱ ይርቁት እንደ ነበር፣ ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ግን ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ስለ ጠጡት፣ አቡነ ማቴዎስም ያንን አስተሳሰብ ከካህናቱ ልብ ለማራቅ ስለ ደከሙ፣ ልማዱ በክርስቲያኑም ቤት እንደ ጸና የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በጋብቻና በአበልጅነት የተሳሰረ ሕዝብ ስለሆነ፣ ዛሬ በሐይቅ መንደሮች በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ፤ በተሁለደሬና በአምባሰል ቀበሌዎችም ቡናው ራሱ በየጓሮው፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ይበቅላል። ስለዚህ ለአንድ የሐይቅ ሰው «ቡና ተው» ማለት ጎረቤትህን ተው እንደ ማለት ይከብደዋል፤ ይህንም የማያውቅ ሐኪም የሚሰጠው ምክር ከደጃፉ አያልፍም።

አንዲትን የሐይቅ እናት በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ ጧትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ጧት ደግሞ ግሊበንክላማይድ የሚውጡ ናቸው። ጎሕ ሲቀድ ምራታቸው ከሰሉን አያይዛ ቡናውን በብረት ምጣድ ትቆላለች፤ ጢሱን ለእያንዳንዱ ሰው በእጇ እያራገበች ታስሸትታለች፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ እጣኑ ይጨሳል። እናታችን የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሁለቱን ኪኒን በመጀመሪያው ስኒ ያወራርዳሉ። «እማማ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ኪኒኑን?» ስትላቸው «አብሽሪ ልጄ፣ ቡናው ቁርስ ነው» ይሏታል። አቦሉ ይጠጣል፣ ቶናው ይከተላል፣ ለበረካው ጎረቤት ይጠራል፤ ቆሎው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እርሳቸው ግን «ስኳር አለብኝ» ብለው ከቆሎው እፍኝ እንኳ አይዘግኑም። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግንባራቸው በላብ ይርሳል፣ ልባቸው ይመታል። «ሐራራ ነው» ይላሉ ጎረቤቶቻቸው፤ «ቡና ጨምሪላቸው።» ምራትየዋም ታፈላለች።

በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ክፉ አላሰበም፤ ነገር ግን በዚያች ማለዳ ስሕተቶች ተፈጽመዋል፤ እነርሱንም ለመረዳት አስቀድመን በቡናው ውስጥ ያለውን ኃይል ማወቅ ይገባናል።

ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ገና ወጣት ሳለ ከባለ ቅኔው ከጎተ እጅ ጥቂት የቡና ፍሬ በስጦታ እንደ ተቀበለና መርምሮ ምን እንዳለበት እንዲያይ እንደ ተመከረ ይነገራል፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1819 ከፍሬው ውስጥ ካፌይን ብለን የምንጠራውን ነጭና መራራ ነገር ለይቶ አወጣ። የካፌይን ዋና ሥራ ማታለል ነው፤ ይህን የምለው እንዲህ ስለሆነ ነው። ሰው ነቅቶ በሚሠራበት ጊዜ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ ቀስ በቀስ እየተከማቸ፣ በተዘጋጀለት ወንበር ላይ እየተቀመጠ፣ «ደክመሃል፣ ዕረፍ» ይላል፤ ካፌይን ግን በመልኩ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ ወንበሩን ይይዝበታል፣ ሥራውን ግን አይሠራለትም። ድካም የሚናገርበት አፍ ስለሚያጣ ሰውየው ነቃሁ፣ በረታሁ ይላል፤ የሱፊ ሊቃውንት በየመን ለሌሊት ጸሎት ቡናን የመረጡትም ስለዚህ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለስኳር ታማሚ ጉዳይ ባልሆነም ነበር። ዳሩ ግን ካፌይን ከኩላሊት በላይ ያሉትን ትንንሽ ዕጢዎች ቀስቅሶ አድሬናሊን የተባለውን የድንጋጤና የትግል ቅመም በደም ውስጥ ያበዛል፤ አድሬናሊንም በባሕርዩ፣ ሰው ከአውሬ ፊት ይሸሽ ዘንድ፣ ወይም ጠላቱን ይታገል ዘንድ፣ ስንቅ የሚያዘጋጅ ነው፤ ስንቁም ስኳር ነው። ጉበትን «ጎተራህን ክፈት» ብሎ ያዝዘዋል፤ ጡንቻዎችንም የኢንሱሊንን ጥሪ ሰምተው ስኳሩን ከደም እንዳይቀበሉ ያደነድናቸዋል። ጤነኛው ሰው ቆሽቱ ትንሽ ኢንሱሊን ጨምሮ ያፈስስና ነገሩ ያለ ጉዳት ያልፋል፤ በስኳር ሕመም የተያዘው ግን ቆሽቱ የሚጨምረው ኢንሱሊን ወይ የለውም፣ ወይም የፈሰሰውን ሰውነቱ አይሰማውም። የሸሸው አውሬ የለም፣ የታገለው ጠላት የለም፤ ስንቁ ብቻ በደሙ ውስጥ ቆሞ ይቀራል።

እንግዲህ መድኃኒቶቹን ከዚህ ጎን እናቁማቸው። ሜትፎርሚን ዣን ስተርን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 ለስኳር ሕመም መድኃኒትነቱን ያስታወቀው ሲሆን፣ መሠረቱ የአውሮፓ ባላገሮች ከጥንት ጀምሮ ለሕክምና ያውቁት ከነበረ አንድ ተክል ነው፤ ዋና ሥራውም በጉበት ጎተራ ደጃፍ ላይ ዘበኛ ሆኖ መቆም፣ ስኳር ያለ ጊዜው እንዳይወጣ መከልከል ነው። ግሊበንክላማይድ ደግሞ፣ ብዙዎች ዳኦኒል በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት፣ የደከመውን ቆሽት እየነዳ ኢንሱሊን እንዲያፈስስ ያደርገዋል። በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት ያገኙት፣ የጎደለውን ራሱን ይተካል። አሁን አንባቢ ልብ ይበል፤ ሜትፎርሚን የጎተራውን በር ሲዘጋ ካፌይን በአድሬናሊን እጅ በሩን ይገፋል፤ ግሊበንክላማይድ ኢንሱሊንን ሲያበዛ ካፌይን ጡንቻዎቹን እንዳይሰሙት ያደነቁራል። አንድን ገመድ በሁለት ጫፍ የሚጎትቱ ሁለት ሰዎች ማለት እነዚህ ናቸው።

ብዙዎች መድኃኒትና ቡና «ይጋጫሉ» ሲባል አንዱ ሌላውን በሆድ ውስጥ የሚያፈርሰው፣ የሚያረክሰው ይመስላቸዋል፤ እንደዚህ አይደለም። ሜትፎርሚን በጉበት ሳይለወጥ እንዳለ በኩላሊት በኩል ይወጣል፤ ካፌይንን የሚያፈርሰው የጉበት ኤንዛይም ሌላ ነው፣ ግሊበንክላማይድን የሚያፈርሰውም ሌላ ነው፤ ስለዚህ ቡና የጠጣ ሰው «ኪኒኔ ከሸፈ» ብሎ ሁለተኛ ኪኒን ሊውጥ ፈጽሞ አይገባውም። መድኃኒቱ በሙሉ ኃይሉ በደሙ ውስጥ አለ፤ የተለወጠው የሚሸከመው ሸክም ነው።

ሸክሙ ምን ያህል ነው ለሚል ጠያቂ መልስ አለ። በኔዘርላንድስ በናይሜኽን ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ምርመራ፣ ለ12 ጤነኛ ሰዎች ካፌይን በደም ሥር ቢሰጡ የሰውነታቸው ለኢንሱሊን የመታዘዝ ኃይል በ15 ከመቶ ያህል ሲቀንስ፣ አድሬናሊናቸው ግን አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ሌንና ጓደኞቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቡና መጠጣት ለለመዱና ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ላለባቸው 10 ሰዎች፣ አንድ ቀን 500 ሚሊ ግራም ካፌይን ለቁርስና ለምሳ ከፍለው፣ ሌላ ቀን ደግሞ ባዶ ኪኒን ሰጥተው፣ ስኳራቸውን ቀንና ሌሊት በሚለካ መሣሪያ ተከታተሉ። ካፌይን በወሰዱበት ቀን የቀኑ አማካይ ስኳር በ8 ከመቶ ያህል ከፍ አለ፤ ከምግብ በኋላ ያለው ደግሞ ከቁርስ በኋላ በ9፣ ከምሳ በኋላ በ15፣ ከእራት በኋላ በ26 ከመቶ ጨመረ። እኔን ያስደነቀኝ የመጨረሻው ቁጥር ነው፤ በእራት ሰዓት አዲስ ካፌይን አልተሰጣቸውም ነበርና፤ ያስቸገራቸው የጧቱና የቀትሩ ነው። ሰዎቹም ቡናን ለዓመታት የለመዱ ነበሩ፤ «እኔ ለምጄዋለሁ፣ ምንም አያደርገኝም» የሚለው ቃል በዚህ ረገድ ብዙ የሚታመን አይደለም።

ይህን ያነበበ ሰው፣ በተለይም ነገርን ከሥሩ የሚመረምር ከሆነ፣ ሌላ ምስክር አምጥቶ ሊከራከረኝ ይችላል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። በዚያው በኔዘርላንድስ፣ በዚያው በ2002 ዓ.ም. እንደ እነርሱ አቆጣጠር፣ ቫን ዳምና ፌስከንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከ17,000 የሚበልጡ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው፣ በቀን ሰባት ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ሁለት ስኒና ከዚያ በታች ከሚጠጡት ይልቅ በስኳር ሕመም የመያዛቸው ዕድል በግማሽ ያህል አንሶ እንዳገኙት ጽፈዋል፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ አገር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ታዲያ ቡና ከስኳር ሕመም የሚጠብቅ ከሆነ ስለ ምን ስኳርን ይጨምራል?

ለዚህ እንቆቅልሽ የሚሰጠው መልስ ቡናና ካፌይን አንድ አለመሆናቸው ነው። በቡና ውስጥ ክሎሮጄኒክ አሲድ የሚባለውን ጨምሮ ብዙ ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ካፌይኑ የወጣለትን ቡና በሚጠጡ ሰዎች ዘንድም ያው የመከላከል ምልክት መታየቱ፣ ረዳቱ ከካፌይን ሌላ እንደ ሆነ ያመለክታል። ደግሞም የዱኩ ምርመራ ስለ አንድ ቀን፣ የቫን ዳምና የፌስከንስ ምርመራ ስለ ብዙ ዓመታት ይናገራል፤ የመጀመሪያው ሕመሙ ስላለባቸው፣ ሁለተኛው ገና ስላልያዛቸው ሰዎች ነው። ቤት እንዳይቃጠል የሚጠብቅ ነገር ሁሉ እሳት ከተነሣ በኋላ ማጥፊያ ይሆናል ማለት አይደለም። ስለዚህ «ቡና ለስኳር ጥሩ ነው ይላሉ» የሚል ወሬ የሰማ ታማሚ፣ ወሬው ውሸት ባይሆንም ለእርሱ የተነገረ እንዳልሆነ ይወቅ።

ካፌይን ስለ ሌለው ቡና ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ሳይንቲስቶች ካፌይን በተፈጥሮው እጅግ ያነሰበት የአረቢካ ቡና አገኘን ብለው ለዓለም ሲያስታውቁ፣ የተክሎቹ ዘር በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ነበር። ያ ዘር ከገዛ ጫካችን ወጥቶ በባዕድ አገር መታወቁ ልብን ይነካል፤ በደኖቻችን ውስጥ ያለውን ሀብት ገና መርምረን እንዳልጨረስነውም ያሳስበናል።

ወደ እናታችን ቤት እንመለስ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ እጃቸው የተንቀጠቀጠው ስለ ምንድን ነው? ከዚህ ምዕራፍ ሁሉ ሕይወትን የሚነካው ይህ ጥያቄ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ግሊበንክላማይድ ምግብ ተበላ አልተበላ ሳይጠይቅ ቆሽትን ይነዳል፤ ስለዚህም ከቁርስ ጋር እንዲወሰድ ይታዘዛል። እናታችን ግን ኪኒኑን ውጠው ከቆሎው እንኳ አልዘገኑም፤ ቡናው ለጊዜው ስኳራቸውን ደግፎ ቢያቆየውም፣ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ መውረዱ አይቀርም። ስኳር ሲወርድ የሚታየው ምልክት የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት፣ ረኀብ፣ ጭንቀት ነው፤ ቡና ሲበዛም እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ መንፈስ ይጨነቃል። ሁለቱ ምልክቶች መንታ ናቸው፤ በዓይን አይቶ የሚለያቸው የለም፤ «ሐራራ ነው» ያሉት ጎረቤቶች ቢሳሳቱ አይፈረድባቸውም።

በእንግሊዝ አገር በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተደረጉ ምርመራዎች ካፌይን ለዚህ ጉዳይ አንድ በጎ ጎን እንዳለው አሳይተዋል፤ ኢንሱሊን የሚወጉ ታማሚዎች ካፌይን ወስደው ሳለ ስኳራቸው ሲወርድ ምልክቱ ቀድሞና ጎልቶ ተሰምቷቸዋል። ማስጠንቀቂያው መጉላቱ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ጸጋ የሚሆነው የማስጠንቀቂያውን ትርጉም ለሚያውቅ ሰው ነው። ደወሉን ሰምቶ «ሐራራ ነው» ብሎ ለሚተኛ ቤት የደወሉ መጉላት ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ታማሚ እጁ ሲንቀጠቀጥ የመጀመሪያ ሥራው መለካት ነው። መለኪያው ከ70 ሚሊ ግራም በታች ካሳየ ስኳሩ ወርዷል። መለኪያ በቤት ከሌለ እንደ ወረደ ይቆጠር፤ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ማለት አይገድልም፣ መውረድ ግን ይገድላልና። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለም መድገም፣ ከተሻለ በኋላ ደግሞ ምግብ መብላት ይገባል፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡት ፈጥኖ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። መራራ ቡና፣ በተለይም እንደ ወሎ ባላገር ልማድ ጨው ጣል የተደረገበት፣ የወረደን ስኳር አያነሣም፤ ምራትየዋ ያፈላችው ሁለተኛ ጀበና በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገውን ነገር አዘገየው እንጂ አልተካውም።

ስለ መጠን እንናገር። የአገራችን ቡና አረቢካ ነው፤ ከክብደቱም 1.2 ከመቶ ያህሉ ካፌይን ነው። ለአንድ ጀበና 50 ግራም ቢወቀጥ በጠቅላላው 600 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን ይኖረዋል ማለት ነው፤ ካፌይንም በፍል ውኃ በቀላሉ የሚሟሟ ስለሆነ ትልቁ ድርሻ በአቦሉ ይወጣል፣ ቶናውና በረካው ቀሪውን ይካፈላሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለ ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለጤነኛ ዐዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊ ግራም አያሰጋም ብሏል። ጀበናው ለአራትና ለአምስት ሰው ሲከፈል መጠኑ የሚያስፈራ አይደለም፤ ጀበናው ግን ጧት፣ ቀትርና ማታ ሲጣድ፣ ጠጪውም ከራሱ ቤት ሲነሣ ወደ ጎረቤት ቤት ሲሄድ፣ ስኒውን የሚቆጥር ስለ ሌለ ድምሩ ሳይታወቅ ይበዛል። ቆጣሪው ታማሚው ራሱ መሆን አለበት። አቦሉን ትቶ ከቶናው መጀመርም አንድ ብልሃት ነው፤ ከጎረቤት ሳይለዩ፣ ከምርቃቱም ሳይጎድሉ የካፌይኑን ኃይል ያሳንሳልና፣ እኔ ይህን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ።

ስኳር ጨምሮ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ክርክሩን ከካፌይን ጋር ከመጀመሩ በፊት ከማንኪያው ጋር ይጨርስ። በስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ በሦስት ስኒ ስድስት ማንኪያ፣ ይህም 24 ግራም ያህል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ጨው የሚያደርገውም አይመካ፤ የደም ግፊት ከስኳር ሕመም ጋር አብሮ የሚኖር ደባል ነው፣ ካፌይንም ጨውም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። በወረቀት ሳይጠለል ተፍልቶ የሚጠጣ ቡና በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል እንደሚጨምር ስለ ታወቀ፣ የጀበናውን ቡና አተላው ወደ ታች እስኪዘቅጥ ታግሦ መቅዳት ጥሩ ነው።

አንድ ሌላ መድኃኒት በስሙ መጥራት አለብኝ። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ በየፋርማሲው ለተቅማጥና ለሽንት ቧንቧ ሕመም የሚሸጠው፣ ካፌይንን የሚያፈርሰውን የጉበት ኤንዛይም ስለሚያግደው፣ ያን ሰሞን የተጠጣ አንድ ስኒ ኃይሉና ዕድሜው ይጨምራል፤ ከዚህም የከፋው፣ ከግሊበንክላማይድ ጋር ሲገናኝ ስኳርን እስከ አደጋ ድረስ ሊያወርድ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚህ ወገን መድኃኒቶች ማስጠንቀቂያውን አጥብቋል። የስኳር ታማሚ ይህን መድኃኒት ከጎረቤት ተበድሮ ከቶ አይዋጥ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ካፌይን ከደም ውስጥ እኩሌታው እስኪወጣ ድረስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ስትገባ የተጠጣ ቡና፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ ማለት ነው፤ ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከሌሊቱ እንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስም ተመርምሮ ታይቷል። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ በማግሥቱ ለኢንሱሊን አይታዘዝም፤ የማታው ስኒ እንግዲህ የማግሥቱን ስኳር ያናውጣል። በሐይቅ የማታ ቡና ከሥራ የተመለሱት የሚሰበሰቡበት፣ ሽማግሌ የሚመርቅበት ስለሆነ ቅሩ አልልም፤ ተቀመጡበት፣ ምርቃቱን ተቀበሉ፣ ስኒውን ግን ለበረካው አቆዩት እላለሁ።

ጾም ሲመጣ የሰዓቱ ነገር ይጠብቃል። በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ውኃ የማይቀምስ ታማሚ፣ የጧቱን ግሊበንክላማይድ እንደ ወትሮው ውጦ ከዋለ ስኳሩ መውረዱ የታወቀ ነው፤ በማፍጠሪያው ሰዓት ደግሞ ባዶ ሆድ ላይ ጠንካራ ቡና፣ ከዚያም ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲደርስ ስኳሩ ወደ ላይ ይወነጨፋል። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከርና የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ማስለወጥ፣ በማፍጠሪያውም ምግቡን አስቀድሞ ቡናውን ማስከተል ይገባል፤ ለታመመ ሰው የሚሰጠውን ፈቃድ በሁለቱም ሃይማኖት አባቶች ዘንድ መጠየቅም ነውር የለበትም።

ለደም ምርመራ ጧት «ሳትበላ ና» የተባለ ሰውም ከውኃ በቀር ምንም አይቅመስ። «ቡና ብቻ ነው የጠጣሁት፣ ስኳርም የለውም» ብሎ የሚቀርብ ብዙ ነው፤ ካፌይኑ ብቻውን ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል፣ በተዛባም ውጤት ሐኪሙ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል።

ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ «ከነገ ጀምሮ ቡና በቃኝ» የሚል ቢኖር ችኮላውን አልወድለትም። ከለመዱት ቡና በድንገት የተለየ ሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ይህም እስከ ዘጠኝ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ደግሞም የገመዱ አንድ ጫፍ በድንገት ሲለቀቅ መድኃኒቱ ብቻውን ይጎትታልና፣ በተለይ ኢንሱሊንና ግሊበንክላማይድ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። በየሳምንቱ አንድ ስኒ እየቀነሱ መውረድ ይሻላል።

የሰውነት ሁሉ ጠባይ አንድ ስላልሆነ የእያንዳንዱን ነገር ራሱ መለኪያው ይፍረድ። በቤቱ መለኪያ ያለው ሰው አንድ ጧት እንደ ልማዱ መድኃኒቱን ከቁርስ ጋር ወስዶ ቡናውን ይጠጣ፣ ከቁርስ በፊትና ከቁርስ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይለካ፤ በሌላ ጧት ያንኑ መድኃኒትና ያንኑ ቁርስ በመጠኑ ሳይለውጥ ያለ ቡና ወስዶ እንዲሁ ይለካ። አንድ ጊዜ ሊያሳስት ስለሚችል ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገመው፤ ቁጥሮቹንም ሁሉ ከነሰዓታቸው ይጻፋቸው፣ ማንበብ የማይችል ከሆነ ልጁ ይጻፍለት። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ቡናውን በሰላም ይጠጣ፤ ልዩነቱ ብዙ ከሆነ ስኒውን ይቀንስ፤ በሁለቱም መካከል ግን መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ አይጨምር፣ አይቀንስም።

መለኪያ የሌለው ወገኔ ደግሞ በሚቀጥለው የክትትል ቀጠሮው፣ በሐይቅም ቢሆን፣ በውጫሌም ቢሆን፣ በደሴም ቢሆን፣ ካርዱን ሲቀበል ባይጠየቅ እንኳ ይህን ይናገር፦ በቀን ስንት ስኒ እንደሚጠጣ፣ በስንት ሰዓት፣ በባዶ ሆድ ወይስ ከምግብ ጋር፣ በስኳር ወይስ በጨው፤ ያም ከመድኃኒቱ ስም ጎን በካርዱ ላይ እንዲጻፍለት ይለምን።